ጄኔራሉ ከተረሸኑ በኋላ ማን አዘዘ?

በዘንድሮው የታሪክ ክፍለ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የደርግ ዘመን ነው። ነገሩ አያስገርምም። ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ድንበር አቋርጠው ወደ ሱዳን ከገቡት ወታደሮች መካከል በዚህ አካባቢ የቀሩ፣ ትዳር የያዙ፣ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ሥራ ያረጁ አሉ። የአንዳንዶቻችን አያቶች ናቸው። ቤት ውስጥ ግን ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወሩም።

ክርክሩን የጀመረችው አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መምህራችን በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በራሳቸው መንግሥት ትእዛዝ መረሸናቸውን ሲነግሩን እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ ከዚያ በኋላ ማን አዘዘ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ የሳምንቱ ትምህርት በዚህ ጥያቄ ላይ ይሁን አሉ።

መጀመሪያ ያየነው ደርግ እንዴት እንደተመሠረተ ነው። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ ተመርጠው አዲስ አበባ የተሰበሰቡት መኮንኖችና ወታደሮች ከሻለቃ ማዕረግ በላይ የሆነ ሰው በመካከላቸው አላስገቡም፤ ጄኔራሎቹን አያምኗቸውም ነበር። ለሊቀመንበርነት የጠሯቸውን ጄኔራል አማን አንዶምን እንኳ ጥቂት ወራት ብቻ ነው የታገሡት። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ቤታቸው ተከብቦ ተገደሉ። በጥር 1969 ዓ.ም. ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፣ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ደግሞ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተገደሉ። መንግሥቱ ኃይለማርያም ብቻቸውን ቀሩ። ወደ ላይ የወጡበትን መሰላል ስለሚያውቁት፣ ሌላ ሰው እንዳይወጣበት መጠበቅ ዋና ሥራቸው የሆነ ይመስለናል።

አጠባበቃቸውን ማወቅ ለጥያቄያችን ግማሽ መልስ ሰጠን። በደርግ ጦር ውስጥ አንድ አዛዥ ብቻውን አያዝም ነበር። አጠገቡ የፖለቲካ ኮሚሳር አለ፤ የደኅንነት ሰውም አለ። ሦስቱም በየራሳቸው መስመር ወደ ላይ ሪፖርት ያደርጋሉ። ጦር ለማንቀሳቀስ ፈቃዱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ጦር ገዢው ላይ ለመነሣት ይቸግረዋል፤ ጠላት በድንገት ሲመጣበትም በፍጥነት መነሣት ይቸግረዋል። ሁለተኛውን ነገር ያየነው አፋቤት ላይ ነው። ጄኔራል ታሪኩ በተረሸኑ በወሩ፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም.፣ ሻዕቢያ አፋቤትን አጠቃ። የናደው ዕዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈረሰ። በየካቲት 1981 ዓ.ም. ደግሞ ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ተደመሰሰ፤ ሠራዊቱም ትግራይን ለቆ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ጄኔራሎቹ ዝም አላሉም። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበርሩ፣ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ከሌሎች ጋር መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ተሰብስበው መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። መከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለጊዮርጊስ ሀብተማርያም እዚያው ተገደሉ። በአስመራ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ሙከራውን ይመሩ ነበር። እኛን የገረመን፣ ጦርነት ሲመሩ የኖሩ ሰዎች ያን ዕለት ውድ ሰዓታቸውን በስብሰባ ማሳለፋቸው ነው። ምናልባት ለዓመታት ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀሱ ተደርገው ስለኖሩ ይሆን? ይህን በክፍል ተከራከርንበት፤ አልተስማማንም። ለመንግሥቱ የታመኑ ወታደሮች ሕንጻውን ሲከቡ መርዕድና አምሃ ራሳቸውን አጠፉ። ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ። ከታሰሩት ጄኔራሎች 12ቱ በግንቦት 1982 ዓ.ም. ተረሸኑ። በዓመቱ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ራሳቸው ወደ ዚምባብዌ በረሩ።

አሁን ያለንበትን አገር ታሪክ ስናጠና ያገኘነው ነገር ደግሞ አለ። (በትምህርት ቤታችን ሁለት አቆጣጠር ስለምንጠቀም ቀኖቹን ማዛመድ የክፍሉ ትልቁ ስቃይ ነበር።) ጃፋር ኒሜሪ በ1977 ዓ.ም. ከአገር ውጭ ሳሉ ነው የገዛ ጦር አዛዣቸው ስዋር አል ዳሃብ ከሥልጣን ያነሧቸው። ኦማር አል በሽር ሥልጣን የያዙት በሰኔ 1981 ዓ.ም. ነው፤ ከአዲስ አበባው ሙከራ 45 ቀን በኋላ። በሚያዝያ 1982 ዓ.ም. ሊገለብጡኝ ሞከሩ ያሏቸውን 28 መኮንኖች አስረሸኑ። መንግሥቱ 12ቱን ጄኔራሎች ያስረሸኑት በተከታዩ ወር ነው። በሽር ግን ሌላም መንገድ ተጠቀሙ፤ ከመደበኛው ጦር ጎን ሌላ የታጠቀ ኃይል አቋቋሙ፣ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም.፣ ከሥልጣን ያወረዷቸው ያው የራሳቸው አዛዦች ናቸው። አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ የተደረጉት ሁለቱ ኃይሎችም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እርስ በርስ ጦርነት ገጠሙ። የዚያን ነገር ለወላጆቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም።

በሳምንቱ መጨረሻ የአንድ ተማሪ አያት፣ በዚያ ዘመን በሰሜን ጦር ውስጥ ሃምሳ አለቃ የነበሩ አባት፣ ወደ ክፍላችን መጡ። ወንበር ብንሰጣቸውም ከበሩ አጠገብ ቆመው ቆዩ። ያችው ተማሪ ተነሥታ፣ «አባባ፣ ጄኔራሉ ከተረሸኑ በኋላ ማን አዘዘ?» አለቻቸው።

ትንሽ አሰቡ። «አዛዥማ ተሾመ፣ ልጄ» አሏት። «ግን ማታ ማታ እኛ ምሽግ ውስጥ የምናወራው ስለ ጠላት አልነበረም። ነገ ማን ይጠራ ይሆን እያልን ነበር። አዛዦቹም እንደኛው ሳያወሩ አልቀሩም።» ከዚያ ውሃ ጠየቁ፤ ጠጥተው ሲያበቁ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ከአስመራ እስከ ከሰላ ስንት ቀን በእግራቸው እንደተጓዙ ይነግሩን ጀመር።