ጠንካራና ቅርፅ ያለው ክንድ፦ በግድግዳ፣ በሀይላንድ እና በጀሪካን



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ክንድ ናቸው። ወንዶቹ «ዶክተር፣ ክንዴ ቀጭን ነው፣ የሚያወፍር ነገር ይንገሩኝ» ይላሉ። ሴቶቹ ደግሞ «የክንዴ ሥር ስለተንጠለጠለ እጅጌ አጭር ልብስ መልበስ አስጠላኝ፤ ክብደት ባነሳ ግን እንደ ወንድ እንዳልሆን ፈራሁ» ይላሉ። የሁለቱም መልስ አንድ ነው፤ ጡንቻ። ዛሬ ጂም ሳትገቡ፣ ቤት ባለው ዕቃ እንዴት እንደምትሠሩ እናያለን። መጨረሻ አካባቢ ስለ «ማወፈሪያ ክኒን» የምለው አለ፤ እባካችሁ እሱን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

🔹 ለምን ያስፈልገናል?

እዚህ ጎጃም ጉልበት አዲስ ነገር አይደለም። ከጮቄ ሥር ያለ ገበሬ እርፍ ይዞ ይውላል፣ እናቶች እንስራ ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ። እነሱን «ፑሽ አፕ ሥሩ» የሚል የለም። ችግሩ የእኛ የከተሜዎቹ ነው፤ ቢሮ ቁጭ፣ ባጃጅ ላይ ቁጭ፣ ቤት ገብተን ስልክ ይዘን ቁጭ። ካልሠራንበት ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፋጠናል። ስለዚህ ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። ጡንቻ ስኳርን ከደም ወስዶ ይጠቀማል፣ አጥንትን ያጠነክራል፣ ስናረጅም ሰው ሳንጠብቅ ከወንበር እንድንነሳ ያደርገናል።

🔹 ክንዳችን ውስጥ ምን አለ?

ከትከሻ እስከ ክርን ባለው ክፍል ከፊት ያለው ባይሴፕስ ሲሆን ክርንን ያጥፋል። ከኋላ ያለው ትራይሴፕስ ነው፣ ክርንን ይዘረጋል። ብዙ ሰው ባይሴፕስ ላይ ብቻ ይረባረባል። ነገር ግን ከላይኛው ክንድ ጡንቻ ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚጠጋው ትራይሴፕስ ነው! ክንዱ እንዲሞላለት የሚፈልግም ሆነ የክንዷ ሥር እንዲጠነክርላት የምትፈልግ የኋላውን ጡንቻ መርሳት የለባቸውም።

🔹 «የክንዴ ስብ ብቻ ይጥፋልኝ» ይቻላል?

አይቻልም። አንድን ቦታ ደጋግሞ ማሠራት የዚያን ቦታ ስብ ለይቶ አያጠፋም። ስብ ከየትኛው የሰውነት ክፍል ቀድሞ እንደሚቀንስ በዋናነት የሚወስኑት ዘር፣ ፆታና ሆርሞን ናቸው። እኛ ማድረግ የምንችለው ከሥር ያለውን ጡንቻ ማሳደግ፣ አጠቃላይ ክብደት ከበዛ ደግሞ በምግብና በእርምጃ መቀነስ ነው።

እህቶች፣ «እንደ ወንድ እሆናለሁ» የሚለውን ስጋት ተዉት። የሴት ልጅ የቴስቶስቴሮን መጠን ከወንድ በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ጡንቻችሁ ይጠነክራል፣ ቅርፅ ይይዛል እንጂ ድንገት አይገዝፍም።

🔹 በሳምንት ስንት ቀን?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። ይህ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ከሚሆን መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ከፈጣን እርምጃ፣ በተጨማሪ ነው።

ለጿሚዎች ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመቻል፤ ረቡዕና ዓርብ ዕረፍት ይሆናል ማለት ነው። ጡንቻ የሚያድገው በዕረፍት ጊዜ ስለሆነ በመሃል አንድ ቀን መዝለል ግድ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ጠዋቷ ብርድ ነው። ከብርድ ልብስ ወጥታችሁ በቀጥታ ክብደት አታንሱ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቦታችሁ እየተራመዳችሁ፣ ክንዳችሁን በትልቁ እያዞራችሁ ሰውነታችሁን አሙቁ። ከቆላ አካባቢ በቅርቡ የመጣችሁ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንፋሽ ሊያጥራችሁ ስለሚችል ቀለል አድርጋችሁ ጀምሩ።

🔹 አምስቱ እንቅስቃሴዎች

1. ፑሽ አፕ፦ ለደረት፣ ለትከሻና ለትራይሴፕስ። መሬት ላይ ካቃታችሁ በግድግዳ ጀምሩ። ሲቀላችሁ ወደማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወደ ጉልበት፣ በመጨረሻ ወደ መሬት ውረዱ። ከራስ እስከ ተረከዝ (በጉልበት ከሆነ እስከ ጉልበት) ቀጥ ማለት አለባችሁ፤ ወገብ አይስመጥ።

2. ጀሪካን መሳብ፦ ለጀርባና ለባይሴፕስ። አንድ እጃችሁን ወንበር ላይ ተደግፋችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ጎንበስ በሉ። በሌላው እጅ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ወደ ጎናችሁ ሳቡና በዝግታ አውርዱ። ውኃ ከሞላ 5 ኪሎ ነው፤ ከከበዳችሁ ቀንሱ።

3. ወደ ላይ መግፋት፦ ለትከሻ። በሁለት እጅ ሁለት ሀይላንድ ያዙና ከትከሻ ወደ ላይ ግፉ። ባለ 2 ሊትሩ በውኃ 2 ኪሎ፣ በደረቅ አሸዋ ከ3 ኪሎ በላይ ይሆናል።

4. ክርን ማጠፍ፦ ለባይሴፕስ። ክርናችሁን ከጎናችሁ ሳታርቁ ሀይላንዱን ወደ ትከሻ አንሱ። በወገብ እየተወዛወዛችሁ ካነሳችሁ ግን ክብደቱ በዝቷል።

5. ከራስ በላይ መዘርጋት፦ ለትራይሴፕስ። አንድ ሀይላንድ በሁለት እጅ ይዛችሁ ከጭንቅላታችሁ ጀርባ አውርዱ፣ ከዚያ ክርናችሁን ዘርግታችሁ ወደ ላይ አንሱ። የክንድ ሥር የሚሉት ቦታ የሚሠራው እዚህ ነው።

እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በ2 ወይም 3 ዙር ሥሩ። በዙሮች መሃል ከ1 እስከ 2 ደቂቃ አረፍ በሉ። ልኩን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ስትጨርሱ «ሁለት ብቻ ልጨምር እችል ነበር» ካላችሁ ልክ ነው፤ «ሃያም እሠራ ነበር» ካላችሁ ቀሏችኋል። በሁሉም ዙር 12 ሲሞላላችሁ ግማሽ ሊትር ውኃ ወይም ትንሽ አሸዋ ጨምሩ። ጭማሪ ከሌለ ለውጥ ይቆማል።

ስታነሱ ትንፋሽ አስወጡ፣ ስታወርዱ አስገቡ። ትንፋሽ ይዞ ማንሳት የደም ግፊትን ድንገት ከፍ ያደርጋል።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ጉልበት ይጨምራል እንጂ መስታወት ላይ ብዙ አይታይም፤ ነርቮቻችሁ ጡንቻውን ማዘዝ እየለመዱ ነው። ዓይን የሚያየው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል።

🔹 ምን እንብላ?

ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ክብደት የሚያነሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ72 እስከ 96 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ አለው። 100 ግራም ደረቅ ምስር፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ ከ20 ግራም በላይ ይሰጣል። የዱቄት ፕሮቲን ግዴታ አይደለም።

በጾምም ይቻላል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ስንበላ እህሉና ጥራጥሬው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ንፍሮ፣ ለውዝና ሱፍ ጨምሩበት። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ስፖርቱን በልታችሁ ሁለት ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ አድርጉት።

ጓያን ግን «ርካሽ ፕሮቲን ነው» ብላችሁ ዋና ምግብ አታድርጉት። ለሳምንታትና ለወራት በብዛት ከተበላ እግርን እስከመጨረሻው ሽባ ሊያደርግ የሚችል መርዝ አለው። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ፕሮቲን ከመጨመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

⚠️ ስለ «ማወፈሪያ ክኒን»

ለመወፈር ተብሎ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ዴክሳሜታሶን የሚውጡ ወጣቶች አሉ። መድኃኒቱ በትክክለኛው ቦታ ሕይወት ያድናል፤ ለማወፈሪያነት ግን አልተሠራም። ፊት ይሞላል፣ ሆድ ይገፋል፤ ሰውም «አማረብህ» ይላል። ከውስጥ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የክንድና የጭን ጡንቻ ይሟሽሻል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ ተደብቆ የነበረ የቲቢ በሽታም ሊነሳ ይችላል። ክንድ ፈልጎ የጀመረ ሰው ያለውንም ክንድ ያጣል ማለት ነው።

ለሳምንታት ስትወስዱ ከቆያችሁ ግን ይህን አንብባችሁ ዛሬውኑ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ! ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል ማምረት ስለሚያቆም ድንገት መተው ለሕይወት ያሰጋል። ሳታፍሩ ወደ ሐኪም ሂዱ፣ አቀናንሶ ያስቆማችኋል። የቴስቶስቴሮን መርፌ ለሚያስቡ ወንዶችም፦ ከውጭ ሲገባ የራሳችሁ የዘር ፍሬ ሥራ ይቀንሳል፣ ለመውለድም ሊያስቸግር ይችላል።

🔹 ስፖርት ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም የምታዩት

✔️ ቁጥጥር ላይ ያልዋለ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ከቶንሲል ጋር የተያያዘ የልብ ቧንቧ በር ችግር ካለባችሁ
✔️ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረጋችሁ፣ ወይም ቡአ ካለባችሁ
✔️ ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ
✔️ ክንዳችሁ የቀጠነው ባልታወቀ ምክንያት ከሆነ። ከክብደት መቀነስ ጋር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የበዛ ጥማትና ሽንት፣ ወይም የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ ካለ መፍትሔው ፑሽ አፕ ሳይሆን ምርመራ ነው።

ከሠራችሁ በኋላ ለአንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መጠዝጠዝ የተለመደ ነው። ስትሠሩ ደረት ከጨነቃችሁ፣ ወይም በኋላ ከከባድ የጡንቻ ሕመም ጋር ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ከየትኛው እንቅስቃሴ እንደጀመራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። «ማወፈሪያ» የሚፈልግ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ደግሞ ይህን ላኩላቸው።