የ«አዲሱ ኒውክሌር» አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ፣ ሰሞኑን አንድ ወዳጅዎ «ቶሪየም ላይ ገንዘብ አስገባ» ሳይልዎ አልቀረም። ቶሪየም፣ የቀለጠ ጨው፣ አነስተኛ ማብላያ፣ ፊውዥን፤ ስሙ ብዙ ነው። ፊዚክሱ እውነት ነው። ሻጩ የማይነግርዎ ሒሳቡን ነው። ስለዚህ እርስዎ ይጠይቁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

• ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማብላያ አላችሁ? በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል አይቁጠሩ። የቶሪየም ሰባኪዎች ሁሉ የሚጠቅሱት በቴነሲ፣ ኦክ ሪጅ ከ1965 እስከ 1969 የሠራውን የቀለጠ ጨው ማብላያ ነው። በእርግጥ ሠርቷል። ውስጡ ግን ቶሪየም አልነበረም፤ ነዳጁ ዩራኒየም ነበር። ኤሌክትሪክም አላመነጨም። የጨው ነዳጁ ጽዳት ደግሞ ማብላያው ከተዘጋ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም አላለቀም ነበር። ይህን የመጨረሻውን ማንም አያነሣልዎትም።

• ዋጋው ከድጎማ በፊት ስንት ነው? ኑስኬል የተባለው ኩባንያ በአይዳሆ ሊተክላቸው የነበሩት አነስተኛ ማብላያዎች ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት 58 ዶላር ያስከፍላሉ ሲባል ቆይቶ፣ በ2023 መጀመሪያ 89 ደረሰ። ያውም የመንግሥት ድጎማ ተቀንሶለት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ፕሮጀክቱ ተሰረዘ።

• ቢዘገይ ማን ይከፍላል? ይህን ደግመው ይጠይቁ፤ አክሲዮን ባይገዙም ይመለከትዎታልና። አትላንታ ያሉ ወገኖቻችን ጉዳዩን ከመብራት ቢላቸው ያውቁታል። በጆርጂያ የቮግል ጣቢያ 3ኛና 4ኛ ማብላያዎች ወጪ በ14 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ከ30 ቢሊዮን አለፈ፤ ሥራውም ሰባት ዓመት ገደማ ዘገየ። የጆርጂያ ፓወር ደንበኞች ከ2011 ጀምሮ በየወሩ ለግንባታው ሲከፍሉ፣ 3ኛው ማብላያ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ደግሞ የባሰ ሆነ፦ 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣ በኋላ ግንባታው በ2017 ተተወ፤ ሕዝቡ ላላገኘው መብራት ከፈለ። እነዚህ የተለመዱት ትልልቅ ማብላያዎች ናቸው። «የኛ ትንሽ ስለሆነ አይዘገይም» ካሉዎት፣ በሰዓቱ የጨረሱትን አንድ ያሳዩዎት። የሚኖሩበት ስቴት ሕግ ግንባታው ሳያልቅ ከደንበኛ ማስከፈል ይፈቅድ እንደሆነም ያጣሩ።

• ነዳጁን ማን ይሸጥላችኋል? ብዙዎቹ አዳዲስ ንድፎች ከተለመደው በላይ የበለጸገ ዩራኒየም ይፈልጋሉ። ለገበያ የሚያቀርበው በዋናነት የሩሲያ መንግሥት ድርጅት ነበር። ቢል ጌትስ የመሠረተው ቴራፓወር በ2022 መጨረሻ የዋዮሚንግ ፕሮጀክቱን ቢያንስ ሁለት ዓመት ያራዘመው በዚሁ ምክንያት ነው።

• ፊውዥን ከሆነ፣ የትኛውን ኃይል ነው የቆጠራችሁት? በታኅሣሥ 2022 በካሊፎርኒያ፣ ሊቨርሞር በተደረገው ሙከራ 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ኃይል ገብቶ 3.15 ወጣ። ትልቅ የሳይንስ ድል ነው። ሌዘሩን ለማስነሣት ከኤሌክትሪክ መስመር የተሳበው ግን 300 ሜጋጁል ገደማ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ የሚገነባው ኢተር የተባለው የፊውዥን ማብላያም በ2016 ይጀምራል ተብሎ ነበር፤ አሁን ምርምሩ ወደ 2034 ተገፍቷል።

• ፈቃድ አላችሁ ወይስ ማመልከቻ? ሦስት ነገሮችን አያምታቱ፦ የንድፍ ማረጋገጫ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የሥራ ማስኬጃ ፈቃድ። ኑስኬል የንድፍ ማረጋገጫውን በእጁ ይዞ ነው የአይዳሆው ውል የፈረሰው።

• ዝቃጩስ? «ትንሽ ነው» ይሉዎታል። አሜሪካ እስካሁን ቋሚ መቅበሪያ የላትም፤ ያገለገለው ነዳጅ በየጣቢያው ግቢ ተቀምጧል።

• ገቢ ሳይኖራችሁ እስከዚያ በምን ትኖራላችሁ? መልሱ ብዙ ጊዜ «አዲስ አክሲዮን እየሸጥን» ነው። አዲስ በወጣ ቁጥር የእርስዎ ድርሻ ውሃ እንደበዛበት ወጥ ይቀጥናል። የኩባንያው ኃላፊዎች የራሳቸውን አክሲዮን እየሸጡ እንደሆነም ይመልከቱ፤ በሕግ የማሳወቅ ግዴታ ስላለባቸው መረጃው በነፃ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ጠይቀው ልብዎ ካልመለሰ፣ ቢጠፋ የማይጎዳዎትን ያህል ብቻ ይሞክሩ። ለልጆች ትምህርት ወይም ለቤት ቅድመ ክፍያ ያስቀመጡትን ግን አይንኩት።