ከማናውቀው ሰው ስለሚመጣ የመተዋወቅ ጥያቄ

በዚህ ዘመን ሥራ የሚፈልግ የተማረ ሰው ስሙንና ትምህርቱን፥ ያገለገለበትንም ስፍራ ጽፎ በኢንተርኔት ላይ ያኖራል። ለዚህ ነገር ከተሠሩት ገጾች ዋነኛው ሊንክድኢን የሚባለው ነው። ይህ ገጽ በአሜሪካ አገር በ2003 ዓመት ተከፈተ፤ በ2016 ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተዋዋለ፤ በ2023ም አባሎቹ ከአንድ ቢሊዮን እንዳለፉ አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎች ስማቸው በዚያ ተጽፎ ይገኛል። እኛም ይህን እንደ ኃጢአት አንቈጥረውም፤ ሰው በድካሙ እንጀራውን ይበላ ዘንድ ታዝዟልና፥ ሥራ ወደሚገኝበት ገበያ መውጣት ነውር አይደለም።

ዳሩ ግን በዚህ ገበያ ብዙ ወንድሞች ሳያስተውሉት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ማለዳ ስልክህን ስትከፍት ከማታውቀው ሰው ጥያቄ ደርሶህ ታገኛለህ፤ ፎቶግራፉ ያማረ፥ ማዕረጉም ከፍ ያለ ነው፤ ከአንተ ጋር መተዋወቅ እወዳለሁ ይላል። በአጠገቡም ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ የመቀበል፥ ሁለተኛውም የመተው ነው። በጣትህ አንድ ጊዜ ብትነካው ነገሩ ተፈጸመ። ምን ተፈጸመ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህን?

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንተ የተቀበልኸው ሰው በቀጥታ የምታውቀው ወዳጅህ ተብሎ ይቈጠራል፤ እርሱም ወዲያው ለወዳጆችህ ሁሉ የወዳጃቸው ወዳጅ ይሆናል። ኋላም ከእነርሱ ለአንዱ ጥያቄ ቢልክ፥ ገጹ ሁለታችሁ በጋራ የምታውቁት እገሌ ነው ብሎ የአንተን ስም ከጥያቄው ጋር ያሳያል። እንግዲህ አንተ አንዲት ቃል ሳትናገር ስምህ ስለ እርሱ ይናገራል ማለት ነው።

በአገራችን ገንዘብ ለሚይዝ ሥራ ሰው ሲቀጠር ዋስ ይጠየቃል። ዋስ የሚሆነውም ሰው የማን ልጅ ነው፥ ወዴት ይኖራል፥ ጠባዩስ እንዴት ነው ብሎ ሳይመረምር አይፈርምም። ሰሎሞንም በምሳሌው ለማያውቀው ሰው ዋስ የሚሆነውን ደጋግሞ ይገሥጸዋል። በዚህ ገጽ ላይ ፊርማ አይጠየቅም፥ ማኅተምም የለበትም፤ ስለዚህ ቀላል ይመስለናል። ነገር ግን ስምህን የሚያይ ሰው እንደ ዋስ አድርጎ ያየዋል። ሐሰተኛ ምስክርነትን የሚከለክለው ትእዛዝ በአፍ ለሚነገረው ብቻ የተሰጠ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲገባህ እንዲህ አስብ። አንተ በቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን የምታስተምር፥ በመሥሪያ ቤትህም የተከበርህ ሰው ነህ እንበል። ትምህርቷን የፈጸመችና ሥራ ያጣች አንዲት ልጅ ከአንድ ሠራተኛ ፈላጊ ነኝ ባይ ጥያቄ ይደርሳታል። መጀመሪያ ትጠራጠራለች፤ ከበታቹ የአንተን ስም ስታይ ግን፥ ጋሼ የሚያውቁት ሰው ከሆነ ክፉ አይሆንም ብላ ትቀበለዋለች። እርሱም ደመወዙ ብዙ፥ ቦታው ሩቅ የሆነ ሥራ ይነግራታል፤ ፓስፖርቷን ትልክለታለች። አንተ ግን በዚያን ሰዓት እራትህን እየበላህ ነው፤ የዚያን ሰው ስም እንኳ ረስተኸዋል።

ይህ የሕልም ነገር አይደለም። በየካቲት ወር 2025 ዓመት በምያንማር አገር በግድ ተይዘው በኢንተርኔት ሰውን ያታልሉ ዘንድ ሲሠሩ ከነበሩት 260 ሰዎች ወደ ታይላንድ ተሻገሩ፤ ከእነርሱም ከእኩሌታ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደዚያ ስፍራ ሰው የሚሳበው በመልካም ሥራ ተስፋ ነው። ደግሞ በ2017 ዓመት የጀርመን የጸጥታ መሥሪያ ቤት፥ የቻይና ሰላዮች በሊንክድኢን በሐሰት ስም እየገቡ ከ10,000 ወደሚበልጡ ጀርመናውያን እንደ ቀረቡ አስታወቀ፤ ቻይና ግን ነገሩን ክዳለች። እነዚያም ሐሰተኞች ናቸው የተባሉት ሰዎች ራሳቸውን ሠራተኛ መልማይ፥ አማካሪ፥ ሊቅ እያሉ ነበር የሚያቀርቡት። በጨለማ የሚመጣ ሌባ መብራት አይዝም፤ በዚህ ገበያ የሚመጣው ግን ደኅና አድርጎ ለብሶ ይመጣል።

ስለዚህ ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስ የገባዖንን ሰዎች ታሪክ አንብብ፤ በመጽሐፈ ኢያሱ በ9ኛው ምዕራፍ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች የእስራኤል ጎረቤቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ፈሩና ተንኰል አሰቡ። ያረጀ ስልቻ በአህያ ጫኑ፥ የተቀደደና የተጠቀመ የወይን ጠጅ አቁማዳ ያዙ፥ የተለጠፈ ጫማ ተጫሙ፥ የደረቀና የሻገተ እንጀራም ሰነቁ፤ ወደ ጌልገላ ሰፈርም መጥተው ከሩቅ አገር መጣን፥ ቃል ኪዳን አድርጉልን አሉ። እስራኤልም ፈጽመው ሰነፎች አልነበሩም። ምናልባት በመካከላችን የምትኖሩ ትሆናላችሁ ብለው ጠረጠሩ፤ ኢያሱም ማን እንደ ሆኑና ከወዴት እንደ መጡ ጠየቃቸው። ጥያቄውስ መልካም ነበር። ጥፋታቸው ምን ላይ ነው? መልሱን የፈለጉት ከእንግዶቹ ከረጢት ነው። ስንቁን አይተው አመኑ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። እንጀራው የመሰከረው ያሻገቱት ሰዎች እንዲመሰክር ያዘዙትን ነበር።

አሁን እንግዲህ ልብ በል። በዚያ ገጽ ላይ ስለ አንድ ሰው የምታነበው ትምህርትና ማዕረግ የጻፈው ማን ነው? ራሱ ነው። ፎቶግራፉንም የመረጠው እርሱ ነው። የገባዖን ሰዎች ድሆች መስለው መጡ፥ የዛሬዎቹ ባለጠጎች መስለው ይመጣሉ፤ ከረጢቱ ግን ያው የራሳቸው ነው። ስለዚህ ማስረጃን ከውጭ ፈልግ፤ ሠራሁበት ወዳለው መሥሪያ ቤት በታወቀው ስልክ ጠይቅ፥ ወይም በሥጋ ዓይኑ ያየውን ሰው ፈልግ። ብዙ ወዳጆችህ ተቀብለውታል ማለትም ማስረጃ አይደለም፤ እነርሱም የተቀበሉት የሌላውን ስም አይተው ሊሆን ይችላልና።

በገባዖን ነገር ላይ አንድ ልጨምር። ከሦስት ቀን በኋላ እውነቱ ታወቀ፤ መሐላው ግን ተምሎ ነበርና ሊያፈርሱት አልቻሉም። በኋላም ንጉሥ ሳኦል ያን መሐላ ስላፈረሰ በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረኀብ ሆነ። የእኛ ነገር በዚህ ይቀላል፤ የተቀበልነውን ሰው ከዝርዝራችን ማውጣት እንችላለን።

ነገር ግን እንግዳን ሁሉ እንደ ሌባ እንድታይ የምመክርህ አይምሰልህ። ሳውል ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርት ፈሩት፤ ለመፍራትም ምክንያት ነበራቸው። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ሐዋርያት ገባ፥ በመንገድ የሆነለትንና በደማስቆ ያደረገውንም ነገራቸው። በርናባስ የሚያውቀውን ተናገረ፤ የሚያውቀውንም ስለ ተናገረ ስሙ ለሳውል በር ከፈተለት። ስምህን ለማይገባው ያላበደርህ እንደ ሆነ፥ ለሚገባው ለመስጠት ዋጋ ያለው ስም ይኖርሃል። ከገጠር መጥቶ ዘመድ የሌለው ተማሪ ቢጠይቅህና ማንነቱን ብታረጋግጥ፥ ደስ ብሎህ ተቀበለው።

የማትቀበለውንስ ምን ታደርገዋለህ? በባሕላችን ሰላምታን አለመመለስ ታላቅ ነውር ስለ ሆነ፥ ብዙዎች ሰውዬው እንዳይቀየመኝ ብለው በይሉኝታ ይቀበላሉ። ይህ ፍርሃት ያለ ስፍራው የገባ ነው። ጥያቄውን ስትተወው ገጹ ለጠያቂው አይነግረውም። ዝም ማለት ከከበደህም በአጭር ቃል፥ «ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ገጽ ላይ የምቀበለው በአካል ወይም በሥራ የማውቀውን ሰው ነው፤ ጉዳይ ካለዎት ይጻፉልኝ» ብለህ ጻፍለት። ቅን ሰው ከሆነ ጉዳዩን ይነግርሃል። ያልሆነ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ጥያቄም የሚበዛብህ ከሆነ፥ የኢሜይል አድራሻህን የሚያውቁ ብቻ እንዲጠይቁህ በገጹ ማስተካከያ መወሰን ትችላለህ።

ደጋግሞ የሚመጣ ሰውም አለ። ሰንባላጥና ጌሳም ነህምያን በኦኖ ቈላ እንገናኝ ብለው አራት ጊዜ ላኩበት። እርሱም አራት ጊዜ ያንኑ መልስ መለሰ፤ ቅጥሩን እየሠራ ነበርና ሥራውን ትቶ አልወረደም። በአምስተኛው ጊዜ ያልታተመ ደብዳቤ ልከው በዐመፅ ከሰሱት፤ አሁንም ከልብህ የፈጠርኸው ነው ብሎ ከመመለስ በቀር ምንም አላደረገም። አለመቈጣቱን ተመልከት። መልሱንም በየጊዜው አላስረዘመውም፤ ሰው ምክንያት ባበዛ ቍጥር ለተከራካሪው በር ይከፍታልና።

እስከ አሁን ስለሚመጣብን ተናገርን፤ ከእኛ ስለሚወጣውስ? ገጹ የኢሜይል አድራሻዎችህን ሁሉ እንድታሳየው ይጠይቅሃል፤ ከፈቀድህለትም ለእነዚያ ሰዎች በስምህ ጥሪ ይላካል። በአሜሪካ አገር ስለዚህ ነገር ክስ ተነሥቶ ነበር። ከሳሾቹ፥ አንድ ጊዜ ጥሪ እንዲላክ ብንፈቅድም በስማችን ሁለት ጊዜ የማሳሰቢያ ደብዳቤ እንዲደገም አልፈቀድንም አሉ፤ በ2015 ዓመት ሊንክድኢን ጥፋቱን ሳያምን 13 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በአድራሻህ መዝገብ ውስጥ እኮ ሐኪምህም፥ ያበደረህም ሰው፥ ምናልባትም ባለፈው ዓመት የቀበርነው ወንድም አለ! ለአንድ ሰው የምትጽፍ ከሆነ አንተ ራስህ ጻፍለት፤ ማን እንደ ሆንህ፥ በማን በኩል እንዳወቅኸውና ምን እንደምትፈልግ በሁለት መስመር ንገረው።

የወዳጆችህ ቍጥር 500 ካለፈ ገጹ ለሰው የሚያሳየው ከ500 በላይ መሆኑን ብቻ ነው፤ ብዙ ወጣቶችም እዚያ ለመድረስ ይሽቀዳደማሉ። ወሰኑም 30,000 ነው። ሠላሳ ሺህ ሰው የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

እንግዲህ አንድ ማታ ጊዜ ወስደህ ዝርዝርህን ከላይ እስከ ታች ተመልከት። በእያንዳንዱ ስም ላይ፥ ስለዚህ ሰው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ ብለህ ራስህን ጠይቅ። የምትለው ነገር ያለህን አቈይ፤ ምንም የማታውቅለትን አውጣው፥ ገጹም አይነግርበትም። ዝርዝርህንም ሌላው እንዳያየው መሸሸግ ትችላለህ፤ በጋራ የምታውቁት ሰው ስም ግን ያን ጊዜም ይታያልና፥ መሸሸጉ የማውጣትን ሥራ አይተካውም። ከዝርዝሩ ውስጥ በአንተ ስም አምኖ ሌላውን የተቀበለ ሰው እንዳለ ብታውቅም እስከ ነገ አትቈይ፤ በዚያው ማታ ደውለህ ያን ሰው እንደማታውቀው ንገረው።