የተራራው ዝናብ፣ የማሳው ጎርፍ፦ ለዘነበወርቅና አካባቢው አርሶ አደሮች የክረምት ምክር

ደራሽ ጎርፍ የሚባለው ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ በጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ጅረቱንና ሸለቆውን ሞልቶ የሚመጣ ውሃ ሲሆን፣ ስሙ እንደሚናገረው ከሌላ ቦታ ተነስቶ የሚደርስ ነው። በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በዘነበወርቅና በዙሪያው በወንዝ ዳር አትክልት ለሚያለሙና ከብት ለሚያረቡ ሰዎች ይህ የ«መድረስ» ሐሳብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጤን ይገባዋል፤ መደቡን ጠርጎ የሚወስደው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ በመደቡ ላይ የዘነበው ሳይሆን ከበላዩ ባለው ከፍታ ላይ የዘነበው ነውና። በመሆኑም የአየር ትንበያን የሚሰማ አርሶ አደር በደጁ ይዘንብ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ውሃው ከሚነሳበት ቦታ ምን ያህል እንደሚዘንብ መጠየቅ አለበት።

ከከተማው በስተ ምዕራብ የሚታየው ወጨጫ ከጥንት ጀምሮ የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3,391 ሜትር ይደርሳል፤ በሰሜን በኩል ያለው እንጦጦም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዘነበወርቅ ግን ከእነዚህ ከፍታዎች በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብሎ ይገኛል። እርጥበት ያዘለ አየር ወደ ተራራ ሲገፋ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም ያዘለውን እርጥበት ወደ ደመናና ወደ ዝናብ ይለውጣል፤ ስለዚህ ግርጌው ገና በካፊያ ላይ ሳለ ተዳፋቱ ዶፍ ሊወርድበት ይችላል። ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች ውሃ እየሰበሰበ፣ በገፈርሳ በኩል አልፎና የከተማውን ምዕራባዊ ክፍል ሰንጥቆ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል፤ በመንገዱም የቆርቆሮ ጣሪያው፣ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ ወደ መሬት ሊሰርግ ይችል የነበረውን ውሃ ሁሉ ወደ ጅረቶቹ ይልክበታል። ቀድሞ ሜዳና ማሳ በነበረበት ጊዜ ዘግይቶ ይደርስ የነበረው ጎርፍ ዛሬ ፈጥኖ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የዝናብ መጠን የሚለካው በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። በአገራችን የሜትሮሎጂ መግለጫዎች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ዝናብ ከባድ ይባላል። ቁጥሩ ሲሰማ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 300,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 1,500 ጊዜ የሚሞላ ውሃ ያወርዳል። ተዳፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ቢኖረውና ከዝናቡ ግማሹ ብቻ ወደ ጅረት ቢወርድ፣ 15,000 ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ጠባብ ሸለቆ በኩል መውጫ ይፈልጋል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያዎችን ያወጣል፤ የእያንዳንዳቸው ጥቅም ግን የተለያየ ነው። «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» የሚሉት ቃላት የወቅቱን አጠቃላይ ዝናብ ከብዙ ዓመታት አማካይ ጋር የሚያነጻጽሩ ስለሆኑ ዘር ለመምረጥና የመዝሪያ ጊዜ ለመወሰን ይረዳሉ፤ ስለ ጎርፍ ግን ዋስትና አይሰጡም። ከመደበኛ በታች በተባለ ክረምትም ቢሆን አንድ ብርቱ ዶፍ ጅረትን ለመሙላት ይበቃል። የአሥር ቀኑ ትንበያ መሬቱ ምን ያህል ውሃ ጠግቦ እንደሚቆይ ለመገመት ያገለግላል፤ የዕለቱ ትንበያ ደግሞ ከብቱ፣ የውሃ ሞተሩና ሰው የት ማደር እንዳለባቸው ለመወሰን ነው። በመግለጫው «በአንዳንድ ቦታዎች ላይ ከባድ ዝናብ» ሲባል ቦታው በውል ያልታወቀ መሆኑን እንጂ አደጋው ቀላል መሆኑን አያመለክትም፤ ነጎድጓዳማ ደመና አንዱን ቀበሌ አጥቦ ጎረቤቱን ደረቅ ሊተው ይችላልና፣ በተራራ ግርጌ ያለ ሰው ይህን ሐረግ ለራሱ እንደተነገረ አድርጎ ቢወስደው ይሻላል።

ጎርፍ ከሌላ ቦታ ተነስቶ የሚደርስ መሆኑን በድሬዳዋ የደረሰው አደጋ ከምንም በላይ አስረድቷል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ አብዛኛው ሰው በእንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች የጣለው ዝናብ በበጋ ደረቅ አሸዋ በሚሆነው በደቻቱ ወንዝ በኩል ወርዶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ግማሽ ያህል ዝናብ የምታገኝ ቆላ ከተማ ናት፤ የጎዳት ግን የራሷ ዝናብ አልነበረም። በአዲስ አበባም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የደረሰ ድንገተኛ ጎርፍ የሰባት ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል።

ከትንበያው ቀጥሎ የሚያስፈልገው የአርሶ አደሩ የራሱ መለኪያ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለና ታቹ ዝርግ የሆነ ጣሳ ዛፍና ጣሪያ በማይጋርደው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይታሰራል፤ በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት በውስጡ ያለው ውሃ ጥልቀት በማስመሪያ ተለክቶ በደብተር ይጻፋል፣ ከዚያም ጣሳው ተደፍቶ ይመለሳል። የሃይላንድ ጠርሙስ ከሆነ አንገቱ ተቆርጦ፣ ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ውሃ ተጨምሮበት፣ ቀጥ ያለው ጎን ከሚጀምርበት ላይ የዜሮ ምልክት ይደረግበታል። የሦስትና የአራት ቀን ድምር ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራል። መረሬ ወይም ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ የከረመ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች በስንጥቁ ውጦ ያስቀራል፤ አንዴ ከጠገበ በኋላ ግን አብጦ ስንጥቁን ስለሚዘጋ የሚወርድበት ውሃ በሙሉ ማለት ይቻላል በላዩ ይፈስሳል። በሰኔ ምንም ያላደረገው ዝናብ በነሐሴ ማሳ የሚወስደው ስለዚህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እኝኝ ሲል የዋለ ዝናብም በራሱ ጉዳት ሳያደርስ ለማታው ዶፍ መንገድ ሊያዘጋጅ ይችላል።

ወንዙም ራሱ ምልክት ይሰጣል። በአካባቢው ሳይዘንብ ውሃው በድንገት ቢደፈርስ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ተጠቅጥቆ ቢወርድ፣ ከላይ በኩል እንደ መኪና ጉዞ ያለ ድምፅ ቢሰማ፣ የላይኛው ዝናብ እየደረሰ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ዝናብ እየጣለ ሳለ ውሃው ባልተለመደ ሁኔታ ሲጎድል ደግሞ የበለጠ ያስፈራል፤ ቆሻሻ ወይም የተናደ አፈር ድልድይ ስር ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ሲለቀው በአንድ ጊዜ ይመጣል። በዚህ ሰዓት ሞተሩን ለማውጣት ወደ ዳር መውረድ ፈጽሞ አይገባም። ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ያለ፣ 15 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ፈጣን ውሃ ጎልማሳን ሰው ሊጥል ይችላል፤ ሞተር ቢወሰድ በሌላ ይተካል፣ ሰው ግን አይተካም። ስለዚህ ከባድ ዝናብ በተተነበየበት ቀን ሞተሩና ቱቦው ሳይመሽ ወደ ከፍታ መውጣት አለባቸው፤ ከብቶችም ከጅረት ዳር በረት ወጥተው፣ የግድ ከታሰሩ በአንድ ሳብታ በሚፈታ ቋጠሮ መታሰር አለባቸው።

ከማሳው በላይ የሚቆፈር ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ማለትም ከተዳፋቱ የሚመጣውን ውሃ ገና ማሳ ሳይገባ ይዞ ወደ ጎን የሚያሳልፍ ቦይ፣ ከሰኔ በፊት መጠረግ ይኖርበታል፤ መውጫው ግን ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ደጃፍ መሆን የለበትም፣ በጋራ ተመክሮ ወደ ተፈጥሮ መውረጃ መመራት አለበት። የወንዙ ጠርዝ እስከ አፋፉ ከሚታረስ ይልቅ በቬቲቨር ወይም በዝሆኔ ሳር ቢያዝ አፈሩ ይጸናል። ከባድ ዝናብ በሚጠበቅበት ዋዜማ ዩሪያ መበተንም ሆነ ፀረ ተባይ መርጨት ገንዘብንና መርዝን አብሮ ወደ ወንዝ መድፋት ነው።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሃ የጠገበ ጥቁር አፈር ከተረገጠ ስለሚጠቀጠቅ፣ መጀመሪያ የተኛው ውሃ በማጠንፈፊያ ቦይ እንዲወጣ ተደርጎ፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የማይጣበቅ እስኪሆን ድረስ ወደ ማሳው አይገባም። የከተማው ወንዞች የመጸዳጃና የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚቀላቀልባቸው፣ የጎርፍ ውሃ የነካው ሰላጣና ማንኛውም ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ቢታጠብም እንኳ ለገበያ መቅረብ የለበትም፤ ተነቅሎ ከመደቡ ይወገዳል፣ አዲሱ ዘርም ጎርፉ ጥሎት የሄደው ደለል ከአፈሩ ላይ ከተጠረገ በኋላ ይዘራል።