‹ዘብ› ያላየውንም ይናገር፦ የፋይል እንቅስቃሴ መከታተያ ፕሮግራምን ስለማሻሻል

ለሲስተም ፕሮግራሚንግ ኮርስ ፕሮጀክት አንድ አነስተኛ የኮማንድ ላይን ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ስሙን ‹ዘብ› አልኩት። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ፎልደር ይሰጠዋል፤ በዚያ ፎልደር ውስጥ ፋይል ሲፈጠር፣ ሲጻፍበት፣ ሲሰረዝ ወይም ስሙ ሲቀየር ከነሰዓቱ አንድ መስመር ይመዘግባል። ፕሮጀክቱ ጥሩ ውጤት ስላገኘ በላባችን ሰርቨር ላይ አሳይንመንት የሚገባበትን ፎልደር እንዲጠብቅ ተደረገ። እኔም በጣም ደስ አለኝ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘብ የት ላይ እንደተሳሳተና እንዴት እንዳሻሻልኩት ማስረዳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ አሳይንመንት ማስረከቢያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ያበቃ ነበር። አንዲት የክፍላችን ልጅ በሰዓቱ እንዳስገባችና በኋላ መታወቂያ ቁጥሯን መጻፍ መርሳቷ ትዝ ሲላት ፋይሉን ከፍታ እንደጨመረች ተናገረች። ፋይሉ ላይ ያለው ሰዓት ግን 12:25 ይላል። የዘብ መዝገብ ሲታይም ያ ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ12:25 ነው። አስተማሪያችን ጠርተውኝ «ፕሮግራምህ ሊሳሳት ይችላል?» አሉኝ። ብዙም ሳላስብ «አይሳሳትም» አልኳቸው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መዝገቡን እንደገና አነበብኩት። በ11:52 ላይ በእሷ ስም «ፎልደር ተፈጠረ» የሚል አንድ መስመር አለ። ከዚያ በኋላ እስከ 12:25 ድረስ ምንም የለም። ሰው ባዶ ፎልደር ፈጥሮ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል? ሊሆን ይችላል። ግን ደግሞ ዘብ ሳያይ ያለፈው ነገር ሊኖርም ይችላል።

ስህተቱን ለመረዳት ዘብ የሚጠቀምበትን ኢኖቲፋይ የተባለውን የሊኑክስ አገልግሎት ማወቅ ያስፈልጋል። ኢኖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2005 ከከርነል 2.6.13 ጋር የወጣ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ዲኖቲፋይ የሚናገረው «በዚህ ፎልደር ውስጥ አንድ ነገር ተለውጧል» ብቻ ነበር፤ የትኛው ፋይል እንደሆነ አይገልጽም። ኢኖቲፋይ የፋይሉን ስም ጭምር ይሰጣል። ሆኖም አንድ ፎልደር ተከታተል ሲባል የሚከታተለው ያንን ፎልደር ብቻ ነው፤ በውስጡ ላሉት ንዑስ ፎልደሮች ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ መመዝገብ የፕሮግራሙ ፋንታ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪ ሙሉ ፎልደር ከነፋይሉ ከፍላሽ ሲገለብጥ መጀመሪያ ፎልደሩ ይፈጠራል፣ ወዲያው ፋይሉ ይጻፋል። ዘብ የፎልደሩን መፈጠር ሰምቶ «ይህንንም ልከታተል» ብሎ እስኪመዘገብ ድረስ ፋይሉ ተጽፎ አልቋል። እሽቅድምድም ነው። ይህንን ደጋግሞ የሚሞክር አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። አንዳንዴ ዘብ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይቀደማል፤ ሲቀደም ደግሞ ምንም አይልም።

የ12:25ቱ መስመርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ብዙ ኤዲተሮች ፋይል ሲያስቀምጡ አሮጌው ላይ አይጽፉም። በሌላ ስም አዲስ ፋይል ይጽፉና ስሙን በመቀየር አሮጌውን ይተኩታል። ስለዚህ የልጅቷ የመጀመሪያ ፋይል ከነሰዓቱ ጠፍቶ በቦታው የ12:25ቱ ብቻ ቀርቷል። የመጀመሪያውን ላላየ ዘብ፣ እርማቱ አዲስ ማስረከቢያ መሰለው።

በማግስቱ ሙከራውን ለአስተማሪያችን አሳየኋቸው። የፎልደሩን የ11:52 መስመር አይተው ማስረከቢያዋን ተቀበሉ። እኔም ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ በኋላ ዘብን አራት ቦታ ላይ አሻሻልኩት።

አንደኛ፣ አዲስ ፎልደር ሲፈጠር ዘብ መጀመሪያ ይመዘገብበታል፣ ቀጥሎ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ቆጥሮ በኋላ ቢመዘገብ በሁለቱ መሀል የገባው ያመልጣል። እንዳሁኑ ሲሆን ግን ቢበዛ አንዱ ፋይል ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ሁለት ጊዜ የታየውን መለየት ደግሞ ያልታየውን ከመፈለግ በጣም ይቀላል። በቆጠራ የተገኘ ፋይል «በቆጠራ ተገኘ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲጻፍ እንደታየ ተደርጎ አይመዘገብም።

ሁለተኛ፣ የስም ለውጥ ነው። ከርነሉ ስም ሲቀየር «ከዚህ ወጣ» እና «እዚህ ገባ» የሚሉ ሁለት ክስተቶችን ይልካል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ይይዛሉ። ድሮ ዘብ ቁጥሩን አያየውም ነበር። አሁን ሁለቱን አጣምሮ «ይህ ስም ወደዚያ ስም ተቀየረ» ብሎ በአንድ መስመር ያወጣል።

ሦስተኛ፣ የወረፋ መሙላት ነው። ፕሮግራሙ እስኪያነባቸው ድረስ ክስተቶች ከርነሉ ውስጥ ይሰለፋሉ። የወረፋው የተለመደ ወሰን 16384 ነው። ከዚያ ካለፈ ከርነሉ የቀሩትን ይጥልና «ወረፋው ሞልቷል» የሚል አንድ ልዩ ክስተት ይልካል። ይህ ክስተት የፋይል ስም የለውም። የእኔ ኮድ ደግሞ ስም የሌለውን ሁሉ ይዘል ነበር! ዋናውን ማስጠንቀቂያ ራሴ ጣልኩት ማለት ነው። አሁን ዘብ «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ያመለጠኝ አለ» ብሎ ይጽፍና ሁሉንም እንደገና ይቆጥራል።

አራተኛ፣ የምዝገባ ወሰን ነው። አንድ ተጠቃሚ የሚያስመዘግባቸው ፎልደሮች ቁጥር የተወሰነ ነው። ለብዙ ዓመታት የተለመደው 8192 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ከርነል 5.11 ወዲህ ግን በማሽኑ ሜሞሪ መጠን ይወሰናል። ወሰኑ ሲሞላ የሚመጣው የስህተት መልእክት «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» የሚል ስለሆነ ሰው ሄዶ ዲስክ ያጸዳል። ዘብ አሁን ትክክለኛውን ምክንያትና መከታተል ያልቻላቸውን ፎልደሮች ዝርዝር ያወጣል። ሥራውን ሲጨርስም የስህተት ኮድ ይመልሳል።

እነዚህ ሁሉ ተደርገውም ዘብ የማያየው ነገር አለ። ኢኖቲፋይ ለውጡን ማን እንዳደረገው አይናገርም። ፋይሉ ሜሞሪ ላይ ተዘርግቶ ሲጻፍበት አይሰማም። በኔትወርክ በተጋራ ዲስክ ላይ ሌላ ኮምፒውተር ያደረገውን ለውጥም አያውቅም። ፋኖቲፋይ የተባለው ሌላ አገልግሎት ለውጡን ያደረገውን ፕሮሰስ ቁጥር ይሰጣል፣ ለዚያ ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል። ስለዚህ በዘብ የእርዳታ ገጽ ላይ «የማላያቸው ነገሮች» የሚል ክፍል ጨመርኩ። የጻፍኩት ለተጠቃሚው ብቻ አይደለም፣ «አይሳሳትም» ላልኩት ለራሴም ጭምር ነው።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ለዘበኛ ግን አይሠራም። ሌሊቱን የተኛ ዘበኛ ጠዋት ሲጠየቅ «ማንም አልገባም» ቢል ዋሽቷል፤ «ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» ቢል ግን ቢያንስ የት እንደምንፈልግ እናውቃለን። በሚቀጥለው ዓመት ይህን ፕሮጀክት የምትወስዱ ተማሪዎች ፕሮግራማችሁ ምን ያህል እንደሚያይ ብቻ አትቁጠሩ። ሳያይ የቀረበትን ሰዓትም ይመዝግብ፤ በዚያ መዝገብ የሚፈረድበት ሰው ይኖራልና።