ሕፃናትን በሥዕል መጽሐፍ በቤት ስለ ማስተማር

ዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት ሲዘጋ ወደየቤታችን እንመለሳለን። እናቶቻችንም ገና ትምህርት ቤት ያልገባውን ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት ወደ እኛ ገፋ አድርገው «እስቲ አንተ የተማርከው፣ ይኽን ልጅ ፊደል አስቆጥረው» ይላሉ። ዛሬ በከተማ አንዳንድ ቤት ከፊደል ገበታው ጋር የሥዕል መጽሐፍም ይገኛል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ዳሩ ግን አያያዙን የተመለከትን እንደ ሆነ፣ ትልቁ ሰው መጽሐፉን ይዞ ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ልጁ እጁን አጣምሮ እንዲያዳምጥ ይታዘዛል። በሁለተኛው ገጽ ይቁነጠነጣል፤ በአራተኛው ተነሥቶ ወደ ኳሱ ይሮጣል። «ይህ ልጅ ትምህርት አይገባውም» የሚል ፍርድም ወዲያው ይሰጥበታል። እኛ ግን ፍርዱ መሰጠት የነበረበት በአነባበቡ ላይ ነው እንላለን።

በሥዕል ማስተማር የቆየ ነገር ነው። በሞራቪያ የተወለደው መምህር ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1658 ዓ.ም. በኑረምበርግ ከተማ ባሳተመው የሕፃናት መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱ ርእስ የራሱ ሥዕል አለው፤ በሥዕሉ ላይ ያሉት ነገሮች በቁጥር ተለይተው ስማቸው በላቲንና በጀርመንኛ ተጽፏል። ልጁ ቁጥሩን ተከትሎ ቃሉን ከነገሩ ጋር ያገናኛል። በአገራችንም የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለብዙ ሰው እንደ መጽሐፍ ሲያገለግል ኖሯል። አያት የልጅ ልጇን እጅ ይዛ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ፊት ስትቆም «ዘንዶውን አየኸው? ፈረሱስ ምን ዓይነት ነው?» ትለዋለች እንጂ ገድሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አታነብለትም። ምናልባትም ማንበብ አትችል ይሆናል።

ይህ የአያት ዘዴ በጥናትም ተፈትኗል። ግሮቨር ኋይትኸርስት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሕፃናት ወላጆች በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ልማዱ ለልጁ ያነብ ነበር። ሁለተኛው ወገን ግን እያነበበ እንዲጠይቅ፣ ልጁ የመለሰውን ቃል አስፍቶ እንዲደግምለትና እንዲያመሰግነው ተነገረው። አንድ ወር ካለፈ በኋላ የሁለተኛው ወገን ልጆች በንግግር ቀድመው ተገኙ፤ ልዩነቱም ከዘጠኝ ወር በኋላ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። በአንድ ወር ይህን ያህል ለውጥ መገኘቱ እኛን አስደንቆናል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በገጹ ላይ አህያ ውሃ ተጭናለች እንበል። ልጁ በጣቱ ነክቶ «አህያ!» ይላል። «አዎን፣ ውሃ የተጫነች አህያ ናት። ወዴት የምትሄድ ይመስልሃል?» ስንለው፣ አንድ ቃል ሰጥቶን አንድ ዐረፍተ ነገር ይቀበለናል፤ በሚቀጥለው ቀንም «ውሃ የተጫነች» የሚለውን ከራሱ አፍ እንሰማዋለን። «ቤት ነው የምትሄደው» ቢል «ማን ይጠብቃታል?» እንለዋለን። «አህያ ናት አይደለም?» ብሎ መጠየቅ ግን የማይረባ ነው፤ ልጁ ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል። ደግሞም በየገጹ «ይህ ምንድን ነው? ያስ?» እያሉ ማጨናነቅ ከፖሊስ ምርመራ አይለይም።

ለዚህ አሠራር አዲስ ስም መፈለግ አያስፈልገንም፤ «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ስንባባል ያደግንበት ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ልጅ አዋቂውን ይጠይቃል፤ አዋቂው መልሱን ያጣ እንደ ሆነ አገር ይሰጣል። በሥዕል መጽሐፍም ልጁ ተራውን ጠይቆን ጎንደርን ወይም ሐረርን ቢወስድብን የተሻለ ትምህርት ነው። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራንም ልጁ ሀሁን በዜማ በቃሉ ወርዶት ፊደሉን ግን በዐይኑ ሳይለየው እንዳይቀር፣ በአቡጊዳ ቅደም ተከተሉን አፋልሰው ያስጠኑታል። እኛም መጽሐፉን ከመካከል ከፍተን፣ ወይም ከመጨረሻው ጀምረን፣ ታሪኩን እርሱ እንዲነግረን ብናደርግ ተመሳሳይ ጥቅም አለው።

ይህን ጉዳይ አጥብቀን የያዝንበት ምክንያት ሌላ ነው። በብዙ ቤት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዝም እንዲል ይማራል፤ ዝምታውም ጨዋነት ይባልለታል። አክብሮቱን አንነቅፍም። ነገር ግን ሰባት ዓመት ሙሉ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ተብሎ የማያውቅ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ አስተማሪው ሲጠይቀው ፊቱን በክንዱ ይሸፍናል፤ አስተማሪውም ሰነፍ ብሎ ይመዘግበዋል። ከእኛም መካከል እዚህ ድረስ ደርሶ በክፍል ውስጥ እጁን ለማንሣት የሚፈራ ጥቂት አይደለም።

ፊደል ያልቆጠረች እናትም «እኔ ምን አውቄ ላስተምር?» ማለት አይገባትም። ሥዕሉ ፊደል አይጠይቃትም። አህያዋን፣ ጀበናውን፣ ምጣዱን ከእኛ ይልቅ እርሷ ታውቃቸዋለች፤ የምትናገረውም የሠራችበትን ነው። የእኛ ድርሻ አንድ ምሽት አጠገቧ ተቀምጠን እንዴት እንደሚጠየቅ ማሳየት ብቻ ነው።

መጽሐፍ ከየት ይምጣ የሚለን ይኖራል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከነበሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ አሳትመዋል፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት አስከፍተዋል። መግዛት ያልተቻለ እንደ ሆነ ካለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያና ከአሮጌ ጋዜጣ ሥዕል ቆርጦ በደብተር ላይ መለጠፍ ይቻላል። ሙጫውን ከዱቄትና ከውሃ ማፍላት ነው። ልጁ በዐይኑ አይቶት የማያውቀው በረዶና የበረዶ ድብ ከበዛበት ባለ ቀለም መጽሐፍ ይልቅ የጎረቤቱ በግ ያለበት ደብተር የበለጠ ያናግረዋል።

በስልክ የሚታየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይህን አይተካም፤ ስልኩ የልጁን መልስ ቆሞ አይጠብቅም። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ በስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ በሚቀመጡበትም ጊዜ ከአሳዳጊያቸው ጋር ንባብና ተረት እንዲኖራቸው መክሯል።

ጊዜው ከእራት በኋላ ዐሥር ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ልጁ ያንኑ መጽሐፍ ለአምስተኛ ቀን ቢያመጣ እንቢ አይባል፤ በአምስተኛው ቀን የሚናገረው ከመጀመሪያው ቀን ይበልጣል። አንዱን ገጽ ቢቀድደውም ከተረፈው የዱቄት ሙጫ ጥቂት ወስዶ አብሮ መለጠፍ ነው።