17 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ላዳ፦ ከካርቶን እስከ ቀለም

የአዲስ አበባዋን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ አሳንሶ ለመሥራት ከውጭ የሚመጣ ኪት መጠበቅ አያስፈልግም። ቫዝ 2101 የምትባለው ላዳ በፊያት 124 ላይ ተመሥርታ እ.ኤ.አ. በ1970 በቶልያቲ ከተማ መመረት የጀመረች፣ ጎኗ ቀጥ ያለ፣ ጣሪያዋ ዝርግ የሆነ መኪና ናት። በወፍራም ካርቶን ለሚጀምር ሰው ከዚህች የተመቸች መኪና ማግኘት ይከብዳል።

ሥራው የሚጀምረው በቁጥር ነው። የእውነተኛዋ ላዳ ርዝመት 4073 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቷ 1611፣ ከፍታዋ 1440 ሲሆን ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2424 ነው። የመኪና ሞዴል ሠሪዎች አብዝተው በሚጠቀሙበት 1፡24 መጠን ሲሰላ ወደ 170፣ 67፣ 60 እና 101 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የቀረውን ፎቶ ይነግራል። የጎን ፎቶ ሲነሣ ግን ራቅ ብሎ፣ በዙም አቅርቦ መሆን አለበት፤ ከቅርብ የተነሣ ፎቶ የፊቱን አሳብጦ የኋላውን ያሳንሳል፤ ሞዴሉም ያንኑ ጉድለት ይወርሳል።

አንድ ነገር አስቀድሞ መወሰን አለበት፦ የትኛዋ ላዳ? 2101 ሁለት ክብ የፊት መብራት አላት፣ 2106 አራት፣ የ2107 መብራት ደግሞ አራት ማዕዘን ነው። የአንዷን ፊት ከሌላዋ ጎን ጋር ያጋጠመ ሠሪ፣ ላዳ ነድቶ የሚያውቅ ሰው ገና ከሩቅ ስህተቱን ያይበታል።

ሁለቱን ጎኖች ከ1 ሚሊ ሜትር ካርቶን ቆርጦ፣ በመካከላቸው መስቀለኛ ማገሮች አቁሞ፣ ወለሉን ማጣበቅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ኮፈኑና ጣሪያው ትንሽ ስለሚጎብጡ ካርቶኑን ደራርቦ ማጣበቅና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይሻላል። ካርቶን የማይታዘዝበት የጣሪያ ማዕዘን ላይ ለስላሳ እንጨት መቅረጽም ይቻላል። ጄነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1968 በአሜሪካ ባካሄደው የፊሸር ቦዲ ክራፍትስማንስ ጊልድ ውድድር ወጣቶች በ1፡12 መጠን መኪና ይሠሩ የነበረው እንዲህ እየቀረጹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ካሸነፉት አንዱ ቹክ ጆርዳን ኋላ የዚያው ኩባንያ የዲዛይን ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል።

ካርቶን እንደ ካርቶን ከቀረ ቀለሙን ይመጠዋል። መፍትሔው ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠብ እያደረጉ ማጠጣት ነው፤ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ ጠጥሮ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። መስኮት ክፈቱ፤ ትነቱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። በጥጥ ወይም በጥጥ ጨርቅ ግን ፈጽሞ እንዳታብሱት! ሱፐር ግሉና ጥጥ ሲገናኙ በቅጽበት ይግላሉ፤ ጣት የሚያቃጥልና የሚያጨስ ሙቀት ነው። ከዚህ በኋላ ስስ ስቱኮ፣ ማሸት፣ የበርና የኮፈን መስመሮችን በመርፌ መጫር፣ ከዚያም ግራጫ መሠረት ቀለም።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ደረስን። ነጩ ጣሪያና ሰማያዊው አካል የሚገናኙበት መስመር የብዙ ሳምንት ሥራ በአንድ ደቂቃ የሚበላሽበት ቦታ ነው፤ የሚያበላሸውም በአብዛኛው ችኮላ ነው።

መጀመሪያ የቀለሙን ዓይነት እወቁ። የጋራዥ ናይትሮ ቀለም ጠንካራ ቲነር አለበት፤ በደንብ ባልጠና የዘይት ቀለም ላይ ከተነፋ የታችኛውን ያሳብጠዋል፣ ፊቱም ይሸበሸባል። የተሸበሸበ ቀለም አይታረምም፤ እስከ ካርቶኑ ድረስ ታሽቶ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ ከመሠረት ቀለሙ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ይሁን። የቆርቆሮው ጽሑፍ ምንም ቢል፣ አስቀድሞ በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ሁሉንም ቀለም በቅደም ተከተሉ ሞክሩ። ማንኪያው ላይ የሚታየው ችግር መኪናዋ ላይም አይቀርም።

ነጩ ይቀድማል። ሰማያዊ በነጭ ላይ በቀላሉ ይይዛል፤ ነጭ ግን ሰማያዊን ለመሸፈን ብዙ ድርብ ይፈልጋል፣ ድርቡ ሲበዛ ደግሞ የተጫረው የበር መስመር ይሞላል። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ መንፋቱን ከመኪናዋ ውጪ ጀምራችሁ ውጪ ጨርሱ። የመጀመሪያው ድርብ ግራጫውን ባይሸፍን አትደንግጡ፤ ጭጋግ የመሰለ ስስ ድርብ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ዕረፍት፣ እንደገና ስስ ድርብ። በአንዴ ልሸፍን ያለ ሰው ቀለሙ ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ ሲንጠባጠብ ያያል። በክረምት ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ናይትሮ መንፋትም አይመከርም፤ ቲነሩ ሲተን ፊቱን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ያርፍና ቀለሙ ወተት መስሎ ይደበዝዛል።

ከዚያ ጠብቁ። ሲነኩት መድረቁ መጥናቱ አይደለም። አፍንጫ ከጣት ይልቅ ታማኝ ነው፦ መኪናዋን አሽቱ፤ የቀለም ሽታ እስካለ ድረስ ቴፕ አይለጠፍባትም። ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ለዘይት ቀለም ደግሞ ብዙ ቀናት። በዚህ ጊዜ ጎማ ሥሩ፣ መቀመጫ ሥሩ፤ ብቻ ጣሪያውን አትንኩ።

የወረቀት ቴፕ ከጥቅሉ እንደወጣ ጠርዙ ሻካራ ነው። መስተዋት ላይ ለጥፎ በአዲስ ምላጭና በማስመሪያ አዲስ ጠርዝ ማውጣት ያስፈልጋል። መስመሩ የት እንደሚያልፍ ፎቶውን አይቶ፣ ቴፑን ለጥፎ፣ ጠርዙን በጥፍር ወይም በጥርስ መፋቂያ እንጨት በደንብ መጫን ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እናንተ አትዝለሉት፦ ሰማያዊውን ከመንፋታችሁ በፊት በቴፑ ጠርዝ ላይ እንደገና ስስ ነጭ ንፉ። በቴፑ ሥር ሊሾልክ የሚችለው ነጩ ይሆናል፤ ነጭ በነጭ ላይ አይታይም፣ ቀዳዳው ግን ይደፈናል። ሰማያዊው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቴፑ የሚነሣው ሰማያዊው ሙሉ በሙሉ ሳይጠና ነው። ወደ ላይ አትሳቡት፤ ወደ ራሱ አጥፋችሁ፣ ከአካሉ ጋር አስተኝታችሁ፣ በዝግታ ጎትቱ። ሰማያዊ ሾልኮ ብታገኙ በቲነር ለመጥረግ አትሞክሩ፤ እስኪጠና ቆይቶ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጥቂቱ አርጥቦ ማሸት ይበቃል።

የሰማያዊው ነገር ሲነሣ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከእውነተኛው ቀለም ላይ ጥቂት ጠብታ ነጭ መጨመርን ይመርጣል። ትንሽ ዕቃ ላይ ቀለም ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ ትክክለኛው ሰማያዊ 17 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ የጠቆረ መስሎ ይታያል።

የቀረው የቤት ውስጥ ቁሳቁስ ሥራ ነው። 1 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በ24 ሲባዛ 2.4 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ስለሚሆን ለፖርቶ መጋላው ልክ ነው። ባለ 13 ኢንች ቸርኬ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ በዚያ ላይ ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ጥብጣብ 24 ሚሊ ሜትር እስኪሞላ ይጠመጠማል። የፊት መብራቱ 7.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የትንሽ ክኒን ማሸጊያ ጉልላት ከሥሩ ፎይል ተደርጎበት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ፓራውልትና ስፖኪዮ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ይቆረጣሉ። መስተዋቶቹን ከጠፍጣፋ የኬክ ማሸጊያ ቆርጦ በነጭ የእንጨት ኮላ ማጣበቅ ነው፤ በሱፐር ግሉ ከተጣበቁ ትነቱ ያጨልማቸዋል። ታርጋው የታክሲ ስለሆነ ኮድ 1፣ ጽሑፉም ቀይ ነው።

እነዚህ ታክሲዎች ከአዲስ አበባ ጎዳና እየቀነሱ ናቸው። የፖርቶ መጋላው ቁመት፣ የወንበሩ ልብስ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈው ነገር በፋብሪካ ሥዕል ላይ አይገኝም፤ እያንዳንዱ ባለንብረት እንደ ፍላጎቱ ያደረገው ነው። አሁንም የሚሠራ ላዳ ካገኛችሁ ሹፌሩን አስፈቅዳችሁ ለኩ፣ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሡ፤ ልኬቱን ደግሞ ለሌሎች ሠሪዎች አካፍሉ።